መልስ ለሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ዕቅድ ሻጮች፦ ማክሰኞ የተፈረመ ቅጽ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይበቃል?

በ2023 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መሠረት አይበቃም። ደንበኛዎ የውይይት ወሰን ስምምነቱን (Scope of Appointment፣ በቀጠሮው ስለየትኞቹ ዕቅዶች እንደምትወያዩ አስቀድመው የሚስማሙበትን ቅጽ) የፈረሙት ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ የሚጠየቀው ሁለት ቀን ሳይሆን ሙሉ 48 ሰዓት ስለሆነ፣ የሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ የሜዲኬር ዕቅድ) ወይም የፓርት ዲ (የመድኃኒት መድን) ዕቅድ የሚያቀርቡበት ቀጠሮ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መጀመር የለበትም።

ይህ ደንብ 48 ሰዓት መጠበቁን በሁለት ሁኔታዎች ያስቀራል። አንደኛው ቅጹ የተሞላው በደንበኛው የምዝገባ ወቅት የመጨረሻ አራት ቀናት ውስጥ ሲሆን ነው፤ ዲሴምበር 7 በሚያበቃው ዓመታዊ ምዝገባ ይህ ከዲሴምበር 4 ጀምሮ ማለት ነው። ሁለተኛው ደንበኛው ያለ ቀጠሮ በራሳቸው ፈቃድ ቢሮዎ ሲመጡ ነው። በሁለቱም መጠበቁ ይቀራል እንጂ ቅጹ አይቀርም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ሰዓቱን ራስዎ በአሜሪካ አቆጣጠር ይመዝግቡ። አንዲት እናት ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ፈርመው በእኛ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብለው ስለጻፉ፣ ፋይሉ ሲመረመር የጠዋት 8 ተብሎ ተነበበና ከስልክ መዝገቤ ጋር አልገጥም ብሎ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ደንቡም ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል የያዙትን ዓመት መመሪያ አስቀድመው ይመልከቱ።