«ጉልት» ለቻይና ታሪክ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የቻይና ነገሥታት ስለሰጡት መሬት እየተረጎምኩ ነው። ከዡ ሥርወ መንግሥት እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት ያለውን ሁሉ «ጉልት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁሉንም አይሸፍንልዎትም። ጉልት ሲሰጥ መሬቱ የገበሬው ርስት እንደሆነ ይቆያል፤ ለባለጉልቱ የሚሰጠው ግብሩን መብላት ነው።

የዡ ንጉሥ (ከ1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ) ለዘመዶቹ የሰጠው ግን አገሩን ከነሕዝቡ ነው። ተቀባዩ የራሱ ጦርና የራሱ የአባቶች መቅደስ ነበረው፤ ለልጁም ያወርሳል። ይህን «ፌንግጂየን» የሚሉትን ሥርዓት «ጉልት» ካሉት ያሳንሱታል፤ «ግዛት» ይበሉት። የ«ፌንግ» ጥንታዊ ፊደል አፈር ላይ ዛፍ ሲተከል ያሳያል፣ የወሰን ምልክት መሆኑ ነው። የእኛም «ጎለተ» ጉልቻ የምንጎልትበት ግስ ስለሆነ ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ደስ የሚል መገጣጠም ነው፤ ለትርጉም ግን ማስረጃ አይሆንም።

«ጉልት» ቤቱን የሚያገኘው በሃን ዘመን ነው። ለባለማዕረጉ የሚሰፈርለት በጭስ (በቤተሰብ) ቁጥር ነበር። ከእያንዳንዱ ጭስ በዓመት 200 የመዳብ ሳንቲም ይገባለታል፤ የ1,000 ጭስ ጌታ 200,000 ይበላል ማለት ነው። «ይበላል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቻይናዎቹም ስጦታውን «ሺ ዪ» ይሉታል፣ «የሚበላ ከተማ» እንደማለት። በተለይ ከ154 ቅ.ል.ክ. የሰባቱ መንግሥታት ዓመፅ ወዲህ አስተዳዳሪ የሚሾመው ቤተ መንግሥቱ ነበር። ማዕረጉ ለልጅ ስለሚተላለፍ ይበልጥ የሚስማማው «ርስተ ጉልት» ነው። ንጉሥ ግን ሊነጥቅ ይችላል፦ በ112 ቅ.ል.ክ. 106 ባለማዕረጎች ለመሥዋዕት ያቀረቡት ወርቅ ጎደለ ተብሎ ተሽረዋል።

ታንግ ላይ ሲደርሱ «ጉልት»ን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ624 በወጣው ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ 100 ሙ (የቻይና የመሬት ስፋት መለኪያ) ይደርሰዋል፤ 20ው ለልጅ ይወረሳል፣ 80ው ለመንግሥት ይመለሳል። 20ውን «ርስት» ማለት ይቻላል። 80ውን «ማደሪያ» ያሉ ተርጓሚዎች ቢኖሩ ተሳስተዋል፤ ማደሪያ በአገልግሎት ምትክ የሚሰጥ ነው፣ ይህ ግን ለተራ ገበሬ የተደለደለ ነው። «ተመላሽ ድርሻ» ይበቃዋል። «ማደሪያ»ን ሹሞች በሥልጣን እስካሉ ድረስ ለሚይዙት መሬት ያስቀምጡት።

«ፊውዳል» ላይም ይጠንቀቁ። ከሃን በፊት የነበረው የቺን ሥርወ መንግሥት ግዛቶቹን በ221 ቅ.ል.ክ. ሽሮ አገሩን በ36 አውራጃዎች አዋቅሯል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናውያን ጸሐፊዎች ግን «ፌንግጂየን»ን ለፊውዳሊዝም መተርጎሚያ አድርገው እስከ መጨረሻው ሥርወ መንግሥት እስከ ቺንግ ፍጻሜ ዘረጉት። ስለዚህ ቃሉን ዘመናዊ ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኙት «ፊውዳላዊ»፣ ስለ ዡ ሲወራ «ግዛት» ብለው ይተርጉሙት።