ወንድሜ ኪኒን ቢውጥ አላመነም ማለት ነው?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ 16 ዓመቱ ነው። በድንገት እየወደቀ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሆስፒታል ወሰድነው፣ ዶክተሯ የሚጥል በሽታ ነው ብላ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችለት፣ ከዛ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ አልጣለውም። ባለፈው ግን አንድ የሚጸልይልን ሰው እናቴን "ልጅሽ ድኗል፣ ኪኒን መዋጡ አለማመን ነው" አላትና በዛው ቀን አስቆመችው። በሳምንቱ ተመልሶ ጣለው። አሁን እምነታችን ስላነሰ ነው ትላለች፣ እኔ ስናገር ደሞ ካድሽ እባላለሁ። እኔም እኮ አማኝ ነኝ፣ ማርቆስ 9 ላይ አረፋ እየደፈቀ የሚወድቀውን ልጅ ሳነብ ወንድሜ ነው የሚታየኝ፣ ኢየሱስ ደሞ እዛ ጋ ያስወጣው መንፈስ ነው። ዶክተሯ ልክ ከሆነች ወንጌሉን ምን ላድርገው?

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ለዶክተሯ ደውዪ። የዚህ በሽታ መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊመጣና አልቆም ሊል ይችላል፣ እንዴት እንደሚጀምር እሷ ትንገራችሁ እንጂ በራሳችሁ እንዳትሞክሩ። ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ 5 ደቂቃ ካለፈው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ማርቆስ 9 መንፈስ ነው ይላል፣ እኔም እንደተጻፈው አምነዋለሁ። ግን የተጻፈው ስለዛ ልጅ ነው፣ የሚወድቅ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው አይልም። ማቴዎስ 4፥24ን አይተሽዋል? አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለየብቻ ነው የሚቆጥራቸው፣ በጨረቃ የሚነሣባቸው የሚላቸው ደሞ እንደ ወንድምሽ የሚጥላቸውን ነው፣ ጌታም ሁሉንም ፈወሳቸው። ወንጌላዊው ራሱ የለየውን እኛ ለምን እናምታታለን? ዶክተሯ የምትለው የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩበት ኤሌክትሪክ ድንገት ሲናወጥ ሰውነት ይወድቃል ነው፣ ኪኒኑ ያንን ያረጋጋል። ይሄ እግዚአብሔርን ከቤታችሁ አያስወጣውም።

ለእናትሽ ግን ስለ አንጎል አታውሪላት፣ ኢሳይያስ 38ን አብራችሁ አንብቡ። ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመርኩልህ አለው፣ በቃ፣ ተስፋው ተሰጥቷል፣ ሆኖም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ አድርጉለት ይላል። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ እቆማለሁ፣ ከአምላክ አፍ የፈውስ ቃል የሰማ ንጉሥ መድኃኒት ሲደረግለት አላመንክም ያለው የለም፣ ያዘዘው ራሱ ነቢዩ ነው። እናትሽን ካሳመንሻት ኪኒኑን ራሷ ጸልያ ትስጠው፣ ልጇን የምታጣ መስሏት የፈራች እናት ናትና አትቆጫት።

እምነታችሁ ስላነሰ ነው የሚለውን ግን እኔ አልቀበለውም፣ በጣምም አሳዝኖኛል። እዛው ማርቆስ 9 ላይ አባትየው "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ነው የጮኸው፣ እምነትህ አይበቃም ብሎ የመለሰው የለም፣ ልጁም ድኗል።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሰውየው ያለው አለ፣ እናትሽ ያለችው አለ፣ ወንድምሽ ራሱ ምን እንዳለ ግን የለም። ኪኒኑን ሲያስቆሙት ምን ተሰማው፣ ሲጥለውስ ማንን ነው የወቀሰው? ራሱን እንዳይሆን እፈራለሁ። ዛሬ ማታ ለብቻችሁ ሆናችሁ ጠይቂው።