የተዋጣበት ጌም የማን ነው? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከድሬና ከሐረር የመጡልኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የተላኩ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ አርፒጂ ጌሞች ናቸው (አንድ ገጸ ባህርይ ይዘህ ታሪኩን እየመረጥክ የምትጫወታቸው)፤ ያውም ደጋፊዎች በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጥተው ስላሠሯቸው ቀጣይ ክፍሎች። የሚጽፍልኝ ሰው ወይ ተናዷል ወይ የተናደደ ጓደኛ አለው። የተመሳሰሉትን ጠቅልዬ፣ ስድቡን አውጥቼ፣ የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ጌም ቤት ተጨቃጨቅን። አንዱ ጓደኛችን «ዌስትላንድ 2ን ያሠራው የሕዝብ ብር ነው፣ ስለዚህ ጌሙ የሕዝብ ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብሩ ከሕዝብ መጣ፣ ጌሙ ግን የኩባንያው ነው። የመጀመሪያው ዌስትላንድ የወጣው በ1988 ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ብራያን ፋርጎ ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ልሥራ ብሎ የአሳታሚዎችን በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አላገኘም። በ2012 ኪክስታርተር በሚባል የገንዘብ ማዋጫ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ 900 ሺህ ዶላር ጠየቀ። 2.9 ሚሊዮን ገደማ ተሰጠው። ጌሙም በ2014 ወጣ። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች የጌሙን ቅጂ አገኙ፣ ከፍ አድርገው የሰጡት ደግሞ ተጨማሪ ስጦታ። ድርሻ የለም፣ ትርፍ የለም። እቁብ ቢሆን ኖሮ ተራህ ሲደርስ ታነሳለህ፣ ካልሆነም ዳኛውን ትይዘዋለህ፤ ይሄ ግን እንደዚያ አይደለም። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የተጠየቀው ገንዘብ ካልሞላ ከማንም አይቆረጥም፣ ከሞላ ኪክስታርተር 5 በመቶውን ያነሳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያውም የራሱን ይወስዳል፣ የቀረው ለሠሪው ነው።

ለጓደኛችሁ ግን ግማሽ ነጥብ ልስጠው። ሰውየው ካርዱን ያወጣው አንድ ነገር ቃል ስለተገባለት ነው። በዚያ ቃል ሠሪውን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ከታች የምመልሳቸው ጠቦች አብዛኞቹ የሚፈቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተበላሸው የተገባው ቃል ነው ወይስ የተናደደው ሰው ምርጫ?

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ቶርመንት፦ ታይድስ ኦቭ ኑሜኔራን አሁን ጨረስኩት፣ ወደድኩት። ሲወጣ ግን ያዋጡት ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደጮሁ አልገባኝም።

መልስ፦ አቦ፣ ይሄኛው ላይ እኔ ከጮሁት ወገን ነኝ። ጌሙን ግን እንዳንተው እወደዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 የወጣው ፕላንስኬፕ፦ ቶርመንት ብዙ ሰው እስከዛሬ ከአርፒጂዎች ሁሉ በጽሑፉ አንደኛ የሚለው ነው። በ2013 የዌስትላንድ 2 ሠሪዎች፣ ኢንኤግዛይል፣ የዚያን መንፈስ የሚወርስ ጌም እንሥራ ብለው መጡ። ልብ በል፣ ዌስትላንድ 2 ገና አልወጣም ነበር። ያኔ «አንዱን ሳትጨርሱ ሌላ?» ያለ ነበር። የእነሱ መልስ አንዱ ጌም መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጸሐፊዎችና ንድፍ አውጪዎች ሥራ ይፈታሉ የሚል ነበር፤ ለእኔ አሳማኝ ነው። ሕዝቡንም አሳምኖታል፤ በሰዓታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ፣ በመጨረሻም ከ74 ሺህ በላይ ሰው 4.19 ሚሊዮን ገደማ ሰጠ።

ችግሩ የተዘራው እዚያው ዘመቻው ላይ ነው። ገንዘቡ ከዚህ ቁጥር ካለፈ ይሄን እንጨምራለን፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ያንን፣ እየተባለ ዝርዝሩ ረዘመ። በ2014 መጨረሻ ይደርሳል የተባለው ጌም የወጣው በየካቲት 2017 ነው። መዘግየቱን ይቅር ያላለ ጥቂት ነው፤ ጌም ይዘገያል። ሊወጣ ሲቃረብ ግን ከዝርዝሩ የተወሰነው እንደሌለ ታወቀ፤ አብረውህ ከሚጓዙት ገጸ ባህርያት የተቀነሱ ነበሩ፣ የጣሊያንኛ ትርጉሙም ቀረ። ለኔ የመቀነሱ ነገር ችግር የለውም፣ የማይቀነስበት ጌም የለም። በአሳታሚ ገንዘብ የሚሠራ ጌም ላይ የተቀነሰውን አንተ ጭራሽ አታውቀውም። እዚህ ግን ዝርዝሩ ራሱ ነው ብሩን ያስወጣው፣ ስለዚህ በተቀነሰ ዕለት መናገር ነበረባቸው፤ ሰው ራሱ ቆፍሮ ሲያገኘው ይቅርታው ምንም ያህል ቢያምር ዘግይቷል።

ሌላ ቡድን ደግሞ ነበር፤ «ውጊያው አነሰ፣ ንባቡ በዛ» ብሎ የሚጮህ። እነዚህን አልሰማቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚነበብ ጌም ነው ተብሎ ነው የተሸጠው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ ሸንሙ 3 ላይ ሰው ያበደው ከስቲም መደብር ወደ ኤፒክ መደብር ስለተዛወረ ብቻ ነው? ያው ጌም አይደል እንዴ?

መልስ፦ ያው ጌም ነው፣ ቃሉ ግን ያው አይደለም። (አርፒጂ ነው አይደለም ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ታሪኩ ለዚህ ዓምድ ስለሚመች ነው ያስገባሁት።) ሁለተኛው ክፍል በ2001 ወጥቶ ታሪኩ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2015 የሸንሙ ፈጣሪ ዩ ሱዙኪ በሶኒ መድረክ ላይ ብቅ ብሎ ኪክስታርተር ከፈተ፤ የጠየቀው 2 ሚሊዮን ዶላር ከዘጠኝ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሞላ፣ መጨረሻው 6.3 ሚሊዮን ሆነ። የመጀመሪያው ቅሬታ ያኔውኑ መጣ፤ ሶኒ የሚያክል ኩባንያ መድረኩን እየሰጠ ለምን ከድሃ ደጋፊ ይለመናል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው በ2019 ነው። ፒሲ የመረጡት ሰዎች በስቲም እንጫወታለን ብለው ሲጠብቁ፣ መውጫው ሲቃረብ ጌሙ ለኤፒክ መደብር ብቻ ነው ተባለ። መጀመሪያ ገንዘብ አይመለስም ተብሎ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበረታ ይመለሳል ተባለ። የጮኸ አተረፈ ማለት ነው።

ጌሙ በኅዳር 2019 ሲወጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጠብ ተነሳ። ግማሹ «ምንም ሳይለወጥ እንደ ድሮው ነው» ብሎ አለቀሰ፣ ግማሹ በዚያው ምክንያት ተደሰተ። ታሪኩም አልተቋጨም። ይሄ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ዳኛ የለውም።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ እናት)፦ የ17 ዓመት ልጄ ገና ያልተሠራ ጌም ልግዛ ብሎ አስቸገረኝ። ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁሉም ማጭበርበር አይደለም፣ ዋስትናም ግን የለውም። መጀመሪያ ኪክስታርተር ላይ ለመሳተፍ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓመት ተገላገሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይጠይቁት። ሠሪዎቹ ከዚህ በፊት ቃል ገብተው ያደረሱት ጌም አለ? አሁንስ የሚታይ ነገር ይዘዋል ወይስ ሥዕልና ሙዚቃ ብቻ? ጥሩ ምሳሌ ከፈለጉ የቤልጂየሞቹ ላሪያን ናቸው። የመጀመሪያውን ዲቪኒቲ፦ ኦሪጅናል ሲን በ2014 አስረከቡ። ለሁለተኛው በ2015 500 ሺህ ዶላር ጠይቀው 2 ሚሊዮን ገደማ አገኙ፣ በ2016 ያላለቀውን ለሕዝብ ከፍተው አስተያየት ሰበሰቡ፣ በመስከረም 2017 ጨረሱት። ልጅዎ እንደነሱ ያለ ካመጣ፣ ቢጠፋም የማያስቆጭ ገንዘብ ይሁን ይበሉት።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ በቴሌብር ይከፈላል?

መልስ፦ ኪክስታርተር ላይ አይከፈልም። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። እኔን ከሰማሽ ጌሙ እስኪወጣና ቅናሽ እስኪገባ ጠብቂ። ስቲም ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወትሽውን በ14 ቀን ውስጥ ገንዘብሽን ይመልሳል፣ ያዋጣሽው ብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዲቪኒቲ፦ ኦሪጅናል ሲን 2 ብቻውን 60 ጊጋባይት ቦታ እንደሚፈልግም አትርሺ። መብራት ቢጠፋ ዳውንሎዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የዳታው ሂሳብ ግን ያንቺ ነው።

ጥያቄ (ከድሬ፣ ሰፈሩን ያልገለጸ)፦ ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ 2 ከመጀመሪያው የበለጠ ብር ተዋጥቶለት እንዴት ሽያጩ ወደቀ? ደጋፊው ከዳ?

መልስ፦ ድምሩ ነው የሸወደህ። የመጀመሪያው በ2012 ከ74 ሺህ ገደማ ሰው 4 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ሁለተኛው በ2017 ፊግ በሚባል ሌላ መድረክ 4.4 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሰዎቹ ግን 33 ሺህ ገደማ ናቸው። ፊግ ላይ ከስጦታ ሌላ ትርፍ ፈልጎ ገንዘብ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ከድምሩ ግማሽ ያህሉም የመጣው ከነዚህ ነው። እንግዲህ ደጋፊው ጌሙ ሳይወጣ በፊት ቀንሶ ነበር ማለት ነው፣ ማንም ልብ አላለም እንጂ። በ2018 ሲወጣ ተቺዎች አሞገሱት፣ ገዢው ግን ቀዘቀዘ። ዳይሬክተሩ ጆሽ ሶየር ራሱ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። የኔ ግምት? ብዙው ሰው የናፈቀውን የድሮ ዓይነት አርፒጂ በመጀመሪያው ጠግቧል። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ታሪክ ላልጨረሰ ሰው ይከብዳል፣ ያንን ረጅም ጌም ደግሞ የጨረሰው ስንቱ ነው?

ጥያቄ (ከዚሁ ሰው)፦ ካሳደግናቸው በኋላ ለማይክሮሶፍት ተሸጡ። ክህደት አይደለም?

መልስ፦ በኅዳር 2018 የፒላርስ ሠሪዎቹ ኦብሲድያንም የዌስትላንዶቹ ኢንኤግዛይልም መገዛታቸው እውነት ነው። ያኔ ዌስትላንድ 3 የተዋጣለት ግን ያላለቀ ጌም ነበር። በ2020 ወጣ፣ የተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን ላይ ጭምር፣ ያዋጡትም ቅጂያቸውን አገኙ። ቃሉ ከተጠበቀ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግድ አይሰጠኝም። ለሠራተኛው ደሞዝ ደግሞ ከደጋፊ ልመና ማይክሮሶፍት ይሻላል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሦስት ጓደኛሞች)፦ በጀጎል ውስጥ የሚካሄድ አርፒጂ ልንሠራ ነው፤ አምስቱም በሮች፣ ገበያዎቹ፣ ጅቦቹ ሁሉ ይገባሉ። ኪክስታርተር ላይ እንዴት እንውጣ?

መልስ፦ ከኢትዮጵያ ሆኖ እዚያ ፕሮጀክት መክፈት አይቻልም፤ የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለንም። ውጭ ባለ ሰው ስም ይከፈታል የሚላችሁ ካለ፣ በሕግ ተጠያቂው ያ ሰው መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት። እስከዚያው አምስቱን በር ተዉት። ፈረስ መጋላን ብቻ፣ ለሃያ ደቂቃ የሚያጫውት አድርጋችሁ ሥሩና ጌም ቤት ወስዳችሁ ለማያውቋችሁ ልጆች ስጡ፤ ጓደኛ ያሞግሳል። ጅቦቹን ከቀነሳችሁ ደግሞ ከአሁኑ ንገሩን።