ሦስተኛ ወገን ብቻ ገብተው የራስዎ መኪና ሲጎዳ

ወንድሜ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ገብተው ሳለ ግንብ ገጭቶ ለተጎዳው መኪናዎ ይከፈልዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። አይከፈልዎትም፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው ይህ ሽፋን መኪናዎ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነውና። ለራስ መኪና ሙሉ ሽፋን የሚባለውን መግዛት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ገንዘብ) ለመቀነስ ሲል (ብልህነት መስሎት) የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል፤ በገበያ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን በ1 ሚሊዮን ያስመዘገበ ባለንብረት 200 ሺህ ብር የሚፈጅ ጥገና ቢገጥመው፣ ውሉ ከዋጋ በታች የተገባን መድን የሚመለከት አንቀጽ ካለው፣ ያስመዘገበው የዋጋውን ግማሽ በመሆኑ የሚታሰብለትም የጉዳቱ ግማሽ፣ 100 ሺህ ብር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚሉት የባለንብረቱ ድርሻ ይቀነሳል። የቤት መድንም ስሌት ያው ነው፤ በተጨማሪም ለቤት የሚገባው የእሳትና መብረቅ ዋስትና ስርቆትን ስለማያካትት የስርቆት ሽፋን ለብቻው ይጠይቁ።