ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄ የፊት ጠባሳ ይጠፋል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። የ7 ዓመት ልጄን ከሦስት ወር በፊት ውሻ ጉንጯንና ከንፈሯን ነከሳት። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልታየም። ሊያስጥላት የሮጠውን ታላቅ ወንድሟንም እጁን ጫር አድርጎታል፤ እሱ ግን ደህና ነው። አዲስ አበባ ወስደናት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳ ተወስዶ ጉንጯ ላይ ተተከለላት። የውሻውን መርፌ ሁለት ጊዜ ተወግታለች። ከዚያ ቁስሉም ዳነ፣ ጎረቤቶችም «40 ቀን ካለፈ አለፈ» አሉን፤ ተውነው። አሁን ጠባሳው ቀልቷል፣ ጠጥሯል፣ ያሳክካታል። እህቴ ከድሬዳዋ ያመጣችልኝን የፊት ክሬም እየቀባኋት ነው። ቶሎ የሚያጠፋው የትኛው ክሬም ነው? ሰው ትክ ብሎ ሲያያት አንጀቴ ይላወሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ክሬም ነው። እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን «ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ፊት ልትኖር ነው?» የሚለው ይመስለኛል። አይዞዎት፣ በዚህ አትቀርም።

ጠባሳ በጣም የሚያስጠላው አሁን እናንተ ባላችሁበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል፣ ይጠጥራል፣ ያሳክካል። ከዚያ ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛል። ይህ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 18 ወር ይፈጃል። ጨርሶ አይጠፋም። «ይጠፋል» የሚልዎት ሰው የሚሸጥልዎት ነገር አለው ማለት ነው። የጆሮ ጀርባ ቆዳ ቀለሙ ከፊት ቆዳ ጋር ስለሚቀራረብ ሐኪሞቹ ጥሩ መርጠዋል። የሚስተካከል ነገር ከቀረ ደግሞ ጠባሳው ከበሰለ በኋላ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይነካካል።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። ደብዳቤዎን በእርጋታ ያነበብኩት «ተውነው» እስከሚለው ድረስ ብቻ ነበር።

ቁስል መዳኑ ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ቫይረሱ ቆዳው ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም። ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ይጓዛል። ከላይ ቆዳው አምሮ ተሰፍቶ፣ ከሥር እሱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ፊት ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው፤ ነርቩም ብዙ ነው። የፊት ንክሻን አጥብቀን የምንፈራው ለዚህ ነው።

«40 ቀን ካለፈ አለፈ» የሚለውን እባክዎ ከቤትዎ ያስወጡልኝ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሚያሳየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በሳምንት የጀመረበት አለ፤ ዓመት የቆየበትም አለ። ቀን የሚቆጠረው ለውሻው ነው፤ ያውም 10 ቀን። የነከሰው ውሻ ታስሮ፣ ከ10 ቀን በኋላም ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ያኔ እፎይ ይባላል። የእናንተ ውሻ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ታዲያ ምኑን ተማምናችሁ ነው መርፌውን ያቆማችሁት? ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ ግን ክትባቱ ያድናል። ክትባት አቋርጦ ክሬም ሲያማርጡ ማየት ያበሳጨኛል፤ ይቅር ይበሉኝና አልደብቅዎትም።

ማሳከኩ ራሱ አያስደንግጥዎት። የተቆረጡ ነርቮች ሲያገግሙ ያሳክካሉ፣ ይነዝራሉ፣ ጉንጯም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ቢሆንም የተነከሰ ቦታ መንዘርና ማሳከክ የዚያ በሽታ የመጀመሪያ ምልክትም ስለሚሆን፣ ክትባቷ ያልተሟላ ልጅ ላይ እኔ ከዚህ ሆኜ «ምንም አይደለም» አልልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለእናንተ ሩቅ አይደለም። የክትባት ካርዷን ይዘው ይሂዱ። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነም አይቅሩ። ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን ሰምተው ፈርተው ከሆነ፣ የአሁኑ ጥቂት መርፌ ነው፤ ክንድ ላይ ይወጋል። ትኩሳት፣ የመዋጥ ችግር፣ ውሃ ሲያዩ መደንገጥ ወይም የባሕርይ ለውጥ ካዩ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ይዘዋት ይሩጡ።

ያንን የድሬዳዋ ክሬም ዛሬ ያቁሙት። ብዙ የፊት ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይቀባ መድኃኒት አለ። ቆዳ ያሳሳል፣ ቀለም ያዥጎረጉራል። የተተከለ ቆዳ ላይ፣ ያውም የልጅ! ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተራ ቫዝሊን በቂ ነው። እጅዎን ታጥበው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ጫን እያሉ ያሹላት። የተተከለውን ቆዳ ማሸት መቼ እንደሚጀመር ግን የሠራላትን ሐኪም ደውለው ይጠይቁ። አቅም ካለ የሲሊኮን ጄል ይረዳል።

ከሁሉ በላይ ፀሐይ! ሐረር እንደ ድሬ አያቃጥልም ብለው አይሸወዱ። ከፍታ ላይ ናችሁ፤ ነፋሻ ቢሆንም ፀሐይዋ ጠባሳ ታጠቁራለች። ባርኔጣና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) አይለያት። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ ማበጥ ከጀመረ ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪሟ ይመለሱ። ቶሎ ከተያዘ ሐኪም የሚወጋው መድኃኒት አለው።

ማታ ጅብ ሲጮህ ወይም ውሻ ሲያላዝን የምትባንን ከሆነ አይቆጧት፤ አቅፈው ያስተኟት። ወር ሁለት ወር አልፎም ካልተዋት ለሐኪሟ ይንገሩ። ሰው ትክ ብሎ ሲያያትም ፊቷን በሻሽ አይሸፍኑባት። «ውሻ ነክሶኝ ነው፣ እየዳንኩ ነው» ማለትን ያስተምሯት፤ ልጆች አንዴ ከተመለሰላቸው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ወንድሟን ደግሞ በአንድ መስመር አለፉት። ጫር ማድረግም ንክሻ ያህል ያስከትባል። ያን ቀን ቢደማም ባይደማም፣ እሱንም ዛሬ ከእሷ ጋር ይዘውት ይሂዱ።