ጡት ለማሳነስ ቀዶ ሕክምና፦ ምን ይጠብቀኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 28 ዓመቴ ነው፤ አልወለድኩም። ጡቴ ከሰውነቴ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ነው። አንገቴንና ትከሻዬን ያመኛል። የጡት ማስያዣዬ ማንገቻ ትከሻዬን አጎድጉዶታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከጡቴ ስር ይላጣል። በቀዶ ሕክምና ላሳንሰው አስቤያለሁ። ወደፊት ማጥባት እችላለሁ? ጠባሳውስ? ተመልሶ ቢያድግስ? እናቴ «ጤነኛ ገላሽን ለምን ታስቆርጫለሽ» ትለኛለች።

መልስ፦ ከእናትዎ ልነሳ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የእናት ወግ ነው። ነገር ግን የነገሩኝ ሁሉ የውበት ጉዳይ አይደለም። ከባድ ጡት ትከሻን ወደ ፊት ይጎትታል። የአንገትና የላይኛው ጀርባ ጡንቻ ያንን ሸክም ይዞ ይውላል። በልክ የተመረጠ ማስያዣና ፊዚዮቴራፒ ለአንዳንዷ ሴት ያቀላል፤ መሞከሩ አይከፋም። ሕመሙን ያመጣው የጡቱ ክብደት ከሆነ ግን ዘላቂ እፎይታ የሚገኘው ክብደቱ ሲቀንስ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ከመግባትዎ በፊት ሐኪሙ ቆመው ሳሉ ጡትዎ ላይ በቀለም ያሰምራል። ግር እንዳይልዎት፤ ሲተኙ የጡት ቅርጽ ስለሚቀየር ነው። ከዚያ ስቡ፣ የወተት እጢውና ትርፍ ቆዳው ይወጣል፤ የጡት ጫፉም ወደ ላይ ከፍ ይላል። ብዙዎች ጫፉ ተቆርጦ የሚለጠፍ ይመስላቸዋል። በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ደም ስርና ነርቭ ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ነው የሚዛወረው። ጡቱ እጅግ ትልቅ ሲሆን ግን ጫፉን ጨርሶ አንስቶ እንደገና መትከል ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔ ስሜቱ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ማጥባትም አይቻልም። ስለዚህ ለእርስዎ የታሰበው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

ማጥባቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ያለ ችግር ያጠባሉ» ብሎ ቃል የሚገባልዎትን ሐኪም አልወደውም። ጫፉ ከስሩ ካለው እጢ ጋር ሳይላቀቅ ከተሠራ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጠቡ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ግን ወተታቸው ስለሚያንስ ተጨማሪ ወተት ለመስጠት ይገደዳሉ። አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ እርግዝና ራሱ ጡትን ያሳድጋል፣ ቅርጹንም ይለውጣል። በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመውለድ ካሰቡ፣ ወልደውና አጥብተው ጨርሰው፣ ከዚያም ወራት ቆይተው ቢሠሩት ይሻላል ባይ ነኝ። መውለዱ ገና ሩቅ ከሆነ ግን ያን ሁሉ ዓመት ከሕመም ጋር ይኑሩ አልልዎትም።

የጠባሳው ነገር አይቀሬ ነው። ብዙ ጊዜ በጫፉ ዙሪያ ይዞራል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከጡት ስር ባለው እጥፋት ደግሞ በአግድም ይሄዳል። ሲያዩት መልህቅ ይመስላል። የሚቀነሰው ትንሽ ከሆነ የአግድሙ መስመር ሊቀር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠባሳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ እየለሰለሰ ይሄዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ከዚህ በፊት ቁስልዎ ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ሠርቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጆሮ ሲበሱ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ ይህን ሳይናገሩ እንዳይገቡ።

ብዙ ሴቶች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሕመሙ በማስታገሻ የሚቻል ነው። የሚያስቸግረው ሌላው ነው፦ በጀርባ ብቻ መተኛት፣ እጅን ከራስ በላይ አለማንሳት፣ ቀንም ሌሊትም ደገፍ የሚያደርግ ማስያዣ ለሳምንታት አለማውለቅ። የቢሮ ሥራ ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ። ከባድ ነገር ማንሳትና ስፖርት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ትከሻዎ ቶሎ ሊቀልልዎት ይችላል፤ ቅርጹ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ጡቱ ያበጠ፣ ወደ ላይ የተሰቀለና ጠፍጠፍ ያለ ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆመው «ምን ነካኝ?» ቢሉ አይደንግጡ። እብጠቱ የሚረጋው በወራት ነው።

ስፌቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁስል ሊከፈት ይችላል። የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው በፋሻ እንክብካቤ ይድናል። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱ ጡቶች ልክ እኩል አይሆኑም፤ ድሮም አልነበሩም። አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከተወጠረ፣ ጫፉ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ባትዎ አብጦ ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሲጋራ ወይም ሺሻ የሚያጨሱ ከሆነ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ ቁስሉ እስኪድንም አይመለሱበት። ኒኮቲን ደም ስርን ያጠብባል፤ ደም ያጣ የጡት ጫፍ ደግሞ ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ተመልሶ ያድጋል ወይ ላሉት፣ የወጣው አይመለስም፤ የቀረው ግን በውፍረት፣ በእርግዝናና በሆርሞን ሊያድግ ይችላል። ክብደት የመቀነስ ሐሳብ ካለዎት እሱን ያስቀድሙ።

ለምክክሩ ሲሄዱ እናትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይጠይቁ። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ክንድዎን ሳይጫኑ ከአልጋ ቀና የሚያደርግዎት ሰው ማስፈለጉ አይቀርም።