ምጣድ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ይጋረዳል

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት በፊት አንድ ዓይኔ ዕይታው ቀንሶ፣ ቆይቶም እግሮቼ ደንዝዘው በኤምአርአይ ስመረመር መልቲፕል ስክሌሮሲስ እንዳለብኝ ተነገረኝ። መድኃኒቴን ሳላጓድል እወስዳለሁ። ሆኖም እንጀራ ስጋግር ገና አሥረኛውን ሳላወጣ ዓይኔ ይጋረዳል፣ ጉልበቴም ይከዳኛል፤ ጋደም ስል ግን ይለቀኛል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሕመሙ አገረሸብኝ ብዬ እጨነቃለሁ። ባለቤቴ ስለሚፈራልኝ ምንም እንዳልሠራ ይለምነኛል፤ አማቴ ደግሞ መድኃኒቱን ትቼ ጠበል እንድጠመቅ ይፈልጋሉ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?
እ. ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድመን ልናነሣልዎ የምንፈልገው ጭንቀትዎን ነው፤ ምጣድ ላይ የሚደርስብዎ ነገር፣ እንደ ገለጹልን ከሆነ፣ የሕመሙ ማገርሸት አይመስልም። በዚህ ሕመም የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የዓይንን ነርቮች የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ያጠቃል። ልባሱ የተጎዳበት ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በጭንቅ ስለሆነ፣ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል እንኳ መልእክቱ ሊዘገይ ወይም ሊቋረጥ ይችላል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ፣ ሕመምተኞች ከድካም በኋላ ዕይታቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ጽፎ ስለ ነበር ሁኔታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ዕይታውም ጉልበቱም ይመለሳል፤ ሁኔታው በነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት አያደርስም።

ሐኪሞች አገረሸ የሚሉት ትኩሳትም ሆነ ኢንፌክሽን ሳይኖር አዲስ ምልክት ሲመጣ፣ ወይም የቆየው ሲባባስና ከ24 ሰዓት በላይ ሲዘልቅ ነው። ያን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ነርቭ ሐኪምዎ ይሂዱ። ሽንት የሚያቃጥልዎ ወይም የሚያተኩስዎ ከሆነ ግን የቆየ ምልክት የሚቀሰቅሰው ኢንፌክሽኑ ራሱ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱ መታከም ይኖርበታል።

ስለዚህ መጋገሩን ማለዳ፣ ቤቱ ሳይሞቅ ያድርጉት፤ የሳምንቱንም እንጀራ በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ለሁለት ቀን ይክፈሉት። መስኮት ከፍተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ አንገትዎ ላይ አድርገው፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየተጎነጩ ይጋግሩ። ዓይንዎ መጋረድ ሲጀምር ግን ምጣዱን አጥፍተው ይነሡ፤ ባልታየ ምጣድ መቃጠል ከሕመሙ የከፋ ጣጣ ያመጣል። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ እንጀራ ቢገዙ ከባልትናዎ የሚጎድል ነገር እንደሌለ ከልባችን እንነግርዎታለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ከመጋገር ይልቅ የሚያደክም በመሆኑ፣ ይህን ሥራ ባለቤትዎ ቢረከቡ ፍቅራቸው በትክክለኛው ቦታ ይውላል።

ምንም አትሥሪ ማለታቸው ግን፣ ከፍርሃት የመጣ ቢሆንም፣ ይጎዳዎታል። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ይሰንፋል፣ መገጣጠሚያም ይደርቃል፤ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ግን ጉልበትን፣ ሚዛንንና ስሜትን እንደሚደግፍ፣ ድካሙንም እንደሚያቀል በጥናት የታወቀ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ በሰፈርዎ ሜዳማ መንገድ ሃያ ደቂቃ መራመድ ጥሩ ጅምር ነው። የዚህ ሕመም ድካም ከስንፍና ጋር የማይገናኝ፣ ሌሊቱን ተኝተው ቢያድሩም የማይለቅ ስለሆነ፣ ጉልበትዎ እስኪሟጠጥ ሳይጠብቁ በየመሐሉ ይረፉ፤ ከባዱንም ሥራ ጉልበት በሚኖርዎ ሰዓት ይሥሩ።

ጠበሉን በተመለከተ፣ መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ የሚጋጩ አይደሉም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይችላሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕመሙ የሚያገረሽበትን ጊዜ ለመቀነስ ሲሆን፣ ደህና በሆኑበት ወርም ሥራው አይቋረጥም፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ደግሞ ሕመሙ ከበፊቱ ይልቅ በርትቶ ሊመለስ ይችላል። አማትዎ ይህን የሚሉት መዳንዎን ስለሚመኙ ነውና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ አብረውዎት እንዲሄዱ ቢጋብዟቸውና ጥያቄያቸውን ለሐኪሙ ራሳቸው ቢያቀርቡ መልካም ነው።